የመንገዱ ማዶ ሴትዮ

«ከመንገዱ ማዶ ያለው ባዶ ቤት ትልቅ የልብስ መደብር ሊሆን ነው አሉ።»

አክስቴ ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ ዚፕ ልገዛ ሱቋ ሄጄ ነው። በማግስቱ ክር ልገዛ ስሄድ ደገመችልኝ። ከዚያ በኋላ ምንም ልገዛ ባልሄድም ወሬው ራሱ እየተነሣ ቤታችን ድረስ ይመጣ ጀመር፤ አክስቴ ተሸክማው።

አክስቴ የልብስ ቁልፍ ሻጭ ናት። ሱቋ ከቤታችን ትንሽ ወረድ ብላ ያለች፣ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በቁልፍ፣ በክር፣ በመርፌና በዚፕ ተሞልታለች። ለባለቤቷ የተረፋት አንድ በርጩማና አንድ አፍ ነው። በርጩማው አልፎ አልፎ ያርፋል።

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል። አክስቴ ሐሳብ አትጨምርም፤ የምትጨምረው ዕቃ ነው። መጀመሪያ መደብሩ እንዲያው መደብር ነበር። ሰኞ ዕለት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስታወት ገባለት። ረቡዕ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ድምፃቸው የማይሰማ የስፌት መኪኖች በመስመር ተደረደሩ። ዓርብ ላይ የመደብሩ ባለቤት ብቅ አለች።

«ሴትዮዋ ራሷ መጥታ ቤቱን ለክታው ሄዳለች» አለችኝ፣ የሰጠኋትን ጨርቅ ከቁልፍ ጋር እያመሳሰለች።

«ማን አያት?»

«ዘበኛው አይቷት ለዳቦ ሻጯ ነገራት። ዳቦ ሻጯ ለኔ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ካፖርት ለብሳለች፤ ከውጭ የመጣ ነው፣ እዚህ እንዲህ ያለ አይሰፋም ብሏል። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሥራ አስኪያጇ ከኋላ ከኋላዋ። ስትወጣ ዘበኛውን ደህና ዋል እንኳ አላለችውም። ኩራቷ ለጉድ ነው አሉ።»

«ኩራተኛ ሰው አልወድም» አልኩ።

አክስቴ ከቁልፎቿ ቀና ብላ አየችኝ። በሕይወቷ ምንም ሳትናገር የቀረችው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ቤቱን አውቀዋለሁ። ቀድሞ ቀለም ይሸጥበት ነበር፤ ሰፊ ነው፣ በሁለት በኩል መስኮት አለው። ቦታ ሳማርጥ በነበርኩበት ጊዜ እኔም ጎራ ብዬ አይቼዋለሁ፤ አልመጥንሽም ሲለኝ እኔም አልመጥንህም ብዬው ወጣሁ። አሁን ግን የሚመጥነው ሰው ተገኘ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ለኔ ተራ ወሬ አልነበረም፤ እኔም የልብስ ቤት ለመክፈት እየተዘጋጀሁ ነበርና።

«እየተዘጋጀሁ» ስል ቤተሰቤ ሁሉ ይስቃል። እንደነሱ አቆጣጠር እኔ የምዘጋጀው ከተወለድኩ ጀምሮ ነው።

ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ እንዲያውቀው ነው። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ መልበስ ግዴታው ነው። በልጅነቴ ከነዚያ ሸሚዞች አንዱን ሰርቄ ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩት። ኮሌታው ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ ሆኖ አልጋ ላይ ሲዘረጋ አንድ ነገር ገባኝ፤ ልብስ ማለት ጠፍጣፋ ነገር ሰው እንዲሆን ማሳመን ነው። ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። አንዱ እጅጌ ወደ ኋላ ዞረ። እንደገና ተረተርኩት፣ እንደገና ሰፋሁት። በዚህ መንገድ የአባቴ ሸሚዞች በሙሉ በእጄ አልፈዋል። ጠዋት ሲወጣ እናቴን፣ «ቀስ ብለሽ እቀፊኝ፤ ይሄ ሸሚዝ ትናንት ሬሳ ነበር» ይላታል።

እንዲህ መማር ግን አመል ያስይዛል። የሰፋሁትን ሁሉ መልሼ መተርተር አልተውም። መስመሩ ትንሽ ከዘመመ እተረትራለሁ። ካልዘመመም፣ ለምን አልዘመመም ብዬ ጠርጥሬ እተረትራለሁ። ቤት ውስጥ ስሜ «ተርታሪዋ» ነው። ለዓመታት የሰው መጋረጃ ጠርዝና የሰው ሱሪ እግር ስዘመዝም የኖርኩት ችሎታ ጎድሎኝ አይደለም፤ የራሴ የምለው ልብስ በሰው ፊት የሚቆምበት ቀን ገና ነው እያልኩ ነው።

«ይቺ ልጅ የሠርጓን ቀሚስ ስትተረትር ሙሽራው ሽማግሌ ይሆናል» ትላለች እናቴ።

«ሽማግሌ ከሆነ ለሽምግልና ይመጣል፤ ምን ቸገረን» ይላል አባቴ።

ስለ መንገዱ ማዶ ሴትዮ በሰማሁ ቀን ማታ፣ ገበታ ላይ እንደተቀመጥን፣ «ከሷ ቀድሜ እከፍታለሁ» አልኩ።

ሁሉም መብላቱን አቆመ። ታላቅ እኅቴ፣ ያን ሰሞን አራስነቷን ጨርሳ ልጇን ታቅፋ እኛ ጋ የሰነበተችው፣ «የት?» አለችኝ።

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ።»

ዕቃ ቤታችን በሩ ወደ መንገድ ነው። ውስጡ የአባቴ አሮጌ ጎማዎች፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ ማንም የማያስታውሰው በርሜልና እናቴ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ያለችው ነገር ሁሉ ነበረበት። እናቴ አባቴን አየችው፤ አባቴ ጎማዎቹን በሐሳቡ አየ።

«ጎማዎቹስ?» አለ።

«አባዬ፣ የነዚያ ጎማዎች አውቶቡስ እኮ ቆርቆሮው እንኳ የለም።»

«ትዝታ ናቸው።»

«ትዝታ ግቢ ውስጥም ይቀመጣል» አለች እናቴ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤቱን ባዶ ያደረግነው እየሳቅን ነው። በርሜሉ ውስጥ እናቴ ከጠፋባት የሰነበተ ድስት ተገኘ፤ ድስቱ ውስጥ የአባቴ አንድ እግር ጫማ። አባቴ ሌላኛውን እግር የጣለው ልክ በዋዜማው ነበር፤ ይሄ ደግሞ እንደሚገኝ ማን ያውቅ ነበር እያለ ቀኑን ሙሉ ቆጨው። ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት። ከተጣለ በር የመቁረጫ ጠረጴዛ የሠራልኝ ጎረቤታችን አናጢው ነው፤ እጀታውን ንቀል ብለው አልነቅልም አለ፤ «በር የነበረ ነገር እንደ በር ይከበር» ብሎኝ መቀሴን የምሰቅልበት አድርጎ ተወው። የስፌት መኪናዬን፣ በእግር የምትረገጠውን፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል አስቀመጥኳት። መብራት ቢጠፋም እሷ አትጠፋም። ድምፅ አላት፤ ድምፅ የሌለው ማሽን ሲያጠፋ እንኳ አይናገርም።

ጨርቁ አንድ ጣቃ ነበር። የምሽት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል፣ ሲታጠብ የማይሸበሸብ። ለዓመታት አልጋዬ ሥር አስቀምጬው መቀስ ላሳርፍበት አልደፈርኩም ነበር። አሁን ግን ሴትዮዋ አለች። ጠመኔዬን አነሣሁ።

የሰፋሁት ከኮሌታው እስከ ጉልበት በቁልፍ የሚዘጋ ቀሚስ ነው፤ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ። ኪሱ የውሸት ኪስ አይደለም፤ ስልክም፣ የቤት ቁልፍም፣ ግማሽ ዳቦም ይይዛል። ወገቡ ላይ ትንሽ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። የኮራሁት ግን በቁልፍ ቀዳዳዎቹ ነው። እያንዳንዱን በሹል መቀስ ቀድጄ ዙሪያውን በእጄ ሰፋሁት፤ ክሩ ተጠጋግቶ ተጠጋግቶ እንደ ጥርስ እስኪሰለፍ። ማሽን እንዲህ አይሠራም። አክስቴ ቁልፎቹን ራሷ መርጣ አመጣች፣ ውሃ የነካው ጠጠር የመሰሉ። እየተከልን ሳለ ወሬዋን አልተወችም።

«ቅዳሜ ትከፍታለች አሉ።»

«ማን አለ?»

«አሉ ነዋ። አሉ ስልሽ ማን አለ አይባልም።»

«እንግዲያው እኔ ሐሙስ እከፍታለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

«እኔ አፍስሼ መልቀም ነው ሥራዬ፣ እማዬ» አልኳት። ያን ጊዜ ቀልዴ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀሚሶቹ በሙሉ ተተኩሰው በመስቀያ ላይ ተሰልፈው ቆሙ። መንገደኛ እንዲያይ በሩን ከፈት አድርጌ ወለሉን ስጠርግ ጋሽ ዲፕሎማ መጡ። ይህ ስማቸው አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ወደ ሱቃቸው የገባ ሰው ሁሉ ልኩ ከመለካቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ዲፕሎማ ማየት አለበት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሰልፍ እንደሚጎበኝ ሹም፣ ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አዩ። ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን በእጅሽ ነው?»

«በእጄ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥሩ እጅ አለሽ» አሉ። ልቤ ሞቅ ማለት ሲጀምር ቀጠሉ፣ «ለወንድ ነው እንዴ የሰፋሽው?»

«ቀሚስ እኮ ነው።»

«ቀሚስ መሆኑንማ አየሁት። ግን የሴት ልብስ ቁልፉ የሚተከለው በግራ ነው፣ ቀዳዳው በቀኝ። አንቺ ሁሉንም በቀኝ ተክለሻል። ይሄ የወንድ አዘጋግ ነው።»

ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ከቀሚሶቹ ወደ ራሴ ሸሚዝ አየሁ። በቀኝ። ያኔ የአባቴ ሸሚዞች በሙሉ፣ ኮሌታቸውና እጅጌያቸው አልጋ ላይ እንደተዘረጋ፣ በዓይኔ መጡ። መጽሐፌ እነሱ ነበሩ። መጽሐፉ ውስጥ ሴት አልነበረችም።

«አውቄ ነው» አልኩ።

«አውቀሽ?»

«አዎ። ምክንያት አለኝ።»

«ምንድን ነው ምክንያቱ?»

«ነገ ስከፍት ይምጡ፤ ያኔ እነግርዎታለሁ።»

ቅንድባቸውን አነሡ፣ ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ፣ ሄዱ። እኔ በሩን ዘጋሁ። ምክንያት የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ተርትሬ እጨርሰው ነበር። ቁልፍ ተነቅሎ ይተከላል። የተቀደደ የቁልፍ ቀዳዳ ግን አይተረተርም፤ ክሩ ቢወጣ እንኳ ቁስሉ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ላርመው የማልችለውን ስህተት የሠራሁት በጣም በኮራሁበት ቦታ ላይ ነው። ጣቃው ደግሞ አልቋል። ነገ ካልከፈትኩ ቅዳሜ ሴትዮዋ በመስታወቷና በመኪኖቿ ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ ቀሚስ ሊያይ የሚገባ ሰው አይኖርም። ከከፈትኩ ደግሞ ጋሽ ዲፕሎማ ምክንያቱን ሊቀበሉ ይመጣሉ፤ እሳቸው ያወቁትን እስከ ማታ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል።

ቤተሰቡን ጠራሁ። ተሰብስበው ቀሚሶቹን እንደ ታማሚ ዙሪያቸውን ቆመው አዩአቸው።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለ አባቴ። «ልክ እንደኔ ሸሚዝ እኮ ነው።»

«እሱ ነው የተበላሸው።»

አክስቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን በሙሉ ቁልፍ ሸጣለች። እነዚህንም ቁልፎች ከኔ ጋር ቁጭ ብላ በገዛ እጇ ተክላለች።

«እትዬ፣ አንቺ እንኳ እንዴት አላየሽም?»

«እኔ ቁልፍ ሸጥኩ እንጂ ጎን አልሸጥኩም» አለች።

ምክንያት ፍለጋ ተጀመረ። አባቴ፣ «ሾፌር መሪውን ይዞ በቀኙ ማርሽ ይቀይራል፤ ቀኝ የሥራ እጅ ነው በያቸው» አለ። አክስቴ፣ «በውጭ አገር አሁን እንዲህ ሆኗል በይ፤ ማን ሄዶ ያያል» አለች። እናቴ ደግሞ፣ «ከመዋሸት ቁልፉን ሁሉ አንሥተሽ ዚፕ አድርጊበት» አለችኝ። ቀዳዳዎቼ በዚፕ ሥር ሲቀበሩ ታየኝ፤ «ከሞቴ በኋላ» አልኳት።

በዚህ መሐል እኅቴ ትልቁን ልክ ለብሳ ከጓዳ ወጣች። ማንም ልበሺው አላላትም፤ የሷ ልብስ ሁሉ ወተት ነክቶት ታጥቦ ስለተሰጣ ነው። ሕፃኑ በግራ ክንዷ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። እያወራን ሳለ፣ ዓይኗን ከኛ ሳታነሣ፣ በቀኝ እጇ አውራ ጣት ቁልፎቹን ከኮሌታው ጀምራ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ፈታቻቸው። ሕፃኑ ጡቱን አግኝቶ ዝም አለ።

«ምነው?» አለች እኅቴ፤ ሁላችንም አፍጥጠንባት።

«አሁን ያደረግሽውን ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዝጊውና ክፈቺው።»

በዚያው በቀኝ እጇ ዘጋችው፤ ከፈተችው። ግራ እጇ ከሕፃኑ ጀርባ ንቅንቅ አላለም።

«ሌላው ልብሴማ ይሄንን ለማድረግ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለች። «ወይ ልጁን አልጋ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ወይ እማዬን እጣራለሁ። እኔ እኮ ለኔ ብለሽ አስበሽ የሰፋሽው መስሎኝ ልመርቅሽ ነበር።»

«መርቂኝ» አልኳት። «ለአንቺ አስቤ ነው የሰፋሁት።»

እናቴ፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለችና ከሁላችንም በፊት መሳቅ ጀመረች። እሷ ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። አባቴ ሳቀ፣ አክስቴ ሳቀች፣ እኔ መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፤ ሕፃኑ ብቻ ሥራውን አላቋረጠም።

ሐሙስ ጠዋት በሩን በሰፊው ከፈትኩ። ማሳያ እንዲሆን ከእናቴ የሳሎን መጋረጃ የሰፋሁትን ረጅም ካፖርቴን ከመግቢያው ትይዩ ሰቀልኩት። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዬ ነው፤ የመጋረጃው አበባ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ ስንት ጊዜ እንደተረተርኩት ጨርቁ ያውቃል። እኅቴን ሰማያዊውን ቀሚስ አልብሼ ከነሕፃኑ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። «እኔ አሻንጉሊት ነኝ?» አለች። «አሻንጉሊት አያጠባም፤ አንቺ ትበልጫለሽ» አልኳት።

ጋሽ ዲፕሎማ እንደተጠበቀው ከሁሉም ሰው ቀድመው ደረሱ።

«እሺ፣ ምክንያቱ?»

ለእኅቴ ምልክት ሰጠኋት። ቀኝ እጇ ከኮሌታው እስከ ወገቧ ሮጠ፤ በዚያው ተመለሰ። ሰውየው አገጫቸውን እያሹ ቆሙ። አንድ ጊዜ እንድትደግመው ጠየቋት። ከዚያ በራሳቸው ኮት ላይ ሞከሩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ቁልፍ ያዩ ይመስል።

«ቢሆንም» አሉ በመጨረሻ፣ «ደንቡ እንዲህ አይደለም።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ልጅ ታቅፎ ያውቃል፣ ጋሼ?»

ሲወጡ ኮፍያቸውን ሙሉ በሙሉ አነሡ። ከቀትር በፊት ሚስታቸው መጡ፤ በግራ እጃቸው የሽንኩርት ዘንቢል። ዘንቢሉን ሳያስቀምጡ ቁልፉን ከፍተው ዘጉና፣ «መካከለኛውን ጠቅልይልኝ። ለሱ ግን አትንገሪው፤ እኔ ቀስ ብዬ አለማምደዋለሁ» አሉኝ።

ከሳቸው በኋላ በሩ ሰው አልተለየውም። ግራ ክንዷ ጀሶ የታሰረ ወጣት መጣች፤ እናቷ ስታለብሳት መሰንበቷ አስመርሯት ኖሮ ለመልበሻ ከጋረድኩት መጋረጃ ጀርባ ገብታ ብቻዋን ለብሳ ስትወጣ ፊቷ ፀሐይ መሰለ። ከስልኳ የማትለይ አንዲት ልጅ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ለክታ፣ ሳታቋርጥ ወስና፣ ሳታቋርጥ ሄደች፤ በኋላ ላይ ምስጋናዋን በስልክ ላከችልኝ። ዳቦ ሻጯ ትልቁን ልክ ወሰደች፤ ኪሱ ግማሽ ዳቦ እንደሚይዝ እዚያው ሞክራ አረጋገጠች። አባቴ ከሥራ ሲመለስ መስቀያው ላይ የቀረው የኔ ካፖርት ብቻ ነበር። ባዶውን መስቀያ በጣቱ ነካ አድርጎ አወዛወዘው።

«ተርታሪዋ» አለኝ።

«አቤት።»

«ነገ የምለብሰው ሸሚዝ አለኝ ወይስ እንደገና ልትማሪ ነው?»

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት በራችን ላይ ቆሜ ማዶውን አየሁ። የባዶው ቤት መዝጊያ እንደተዘጋ ነበር። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጥቶ ሄደ። አዲስ ጣቃ ገዛሁ፣ ሁለተኛ መኪና አስገባሁ፤ እሷም ድምፅ አላት። እኅቴ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሁለት የጎረቤቶቿን ልክ ላከችልኝ። አክስቴ ስለ ሴትዮዋ ያላት ወሬ ግን አልነጠፈም፤ አቅጣጫውን ብቻ ለወጠ።

«ፈርታ ነው የቀረችው» ትለኛለች። «ስምሽን ሰምታ። ከኋላዋ የሚከተላትን ሥራ አስኪያጅም አባራዋለች አሉ።»

እውነት ለመናገር ሴትዮዋ ትናፍቀኝ ጀምራ ነበር። ስተኛ እሷ፣ ስነሣ እሷ ነበረች። መስመር ሲዘምብኝና ልተረትር ምላጬን ሳነሣ፣ ያቺ ካፖርቷን እያንዘረፈፈች ስትመጣ ይታየኝና ምላጬን አስቀምጣለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እናቴ ተቆጥታ ያላስተወችኝን አመል እሷ አስተወችኝ። ብትመጣ ደህና መጣሽ እላት ነበር፤ ከዚያ ሥራዋን አገላብጬ አይቼ የሚናቅ አላጣበትም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቁልፍ ልታደርስ መጥታ፣ በርጩማዬ ላይ ተመቻችታ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ የለበሱትን የደንብ ልብስ ሱሪ እግር ወደ ላይ ጠቅልለው ገቡ። የማዶው ቤት ዘበኛ ናቸው። ሱሪው ረዝሟቸው እግሩ እንዲያጥር ፈልገዋል። ሊያስረዱኝ አፋቸውን ከፈቱና ዓይናቸው የተሰቀለው ካፖርት ላይ ሲያርፍ ቆሙ። ካፖርቱን አዩ። እኔን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እመቤቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? መነጽሩን ስላላደረጉ ነው ያላወቅኩዎት።»

«የምን መነጽር?» አልኩ። ወዲያው ግን ቤቱን ያየሁ ቀን አቧራው በዝቶ የአባቴን ጥቁር የመንጃ መነጽር ተውሼ እንደነበር ትዝ አለኝ።

«ባለቤቱ እኮ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል፤ ያቺ ባለ ካፖርት አልተመለሰችም ወይ እያለ። እኔማ መጀመሪያ ልጅ ነሽ ብዬ ሳቅ ስላልኩ ሳላስቀይምዎ አልቀረሁም። ያኔ ነው ቆጣ ብለው፣ እዚህ ጋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መስታወት፣ እዚያ ጋ በመስመር የኤሌክትሪክ መኪና፣ ድምፁ የማይሰማ፣ እያሉ በጣትዎ ያሳዩኝ። ከዚያ ደህና ዋልም ሳይሉኝ ወጡ።»

አክስቴ ክር የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። ለካ በወሬው ላይ አንዲት ዕቃ እንኳ አልጨመረችም ነበር።

በሩ ላይ የመኪና ቁልፍ ሲንሿሿ ተሰማ። አባቴ ነው፤ ከሥራ መመለሱ ነው። ሽማግሌው ዞር ብለው አክብሮት ባለው ሰላምታ ጎንበስ አሉለት።

«ሥራ አስኪያጅዎም ደህና ናቸው» አሉኝ።

እኔ ጠመኔዬን አንሥቼ ተንበርክኬ የሱሪያቸውን እግር መለካት ጀምሬ ነበር። «ከዚህ ላይ ልቁረጠው?» አልኳቸው።

«ከዚያ ላይ ይበቃል» አሉና፣ አክስቴን እያዩ ጨመሩ፤ «ለዳቦ ሻጯም የነገርኳት እኔ ነኝ። ያን ቤት ሊያይ የመጣ ሌላ ሰው እኮ ኖሮ አያውቅም።»